«ባደረበት ሕመም» ከመባሉ በፊት

በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ አንድ ሐረግ አይቀርም፦ «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ»። ሟቹ የሰባ ዓመት አዛውንት ሲሆኑ ይህ አነጋገር ማንንም አያስገርምም። ሃያ አራት ዓመት ባልሞላው ልጅ አስከሬን ፊት ሲነበብ ግን ሰፈርተኛው መሬት መሬቱን ያያል፤ ሕመሙ ምን እንደ ነበረና መቼ እንዳደረበት ሁሉም ያውቃልና። ባለፈው ዓመት በምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር በእንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ አምሽቶ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሸጥ የማይገባውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን በመጠጡ ላይ ደርቦ ወስዶ ነው ጠዋት ሳይነሣ የቀረው። አባቱ ለጠየቃቸው ሁሉ «ልቡ ነው» ይሉ ነበር። ውሸት ነው ማለትም አይቻልም፤ ልቡ ሳይቆም የሚሞት ሰው የለም።

እኒህን አባት ልወቅስ አልተነሣሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይለቀኝ ጥያቄ ግን አለ። የልጁ ሱስ ለጎረቤቱ፣ ለባለሱቁ፣ ለመቃሚያ ቤቱ ባለቤትና ለጓደኞቹ እናቶች ለሦስት ዓመት ያህል የአደባባይ ምሥጢር ሆኖ ሳለ፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ ስሙ እንኳ ያልተጠራው ለምንድን ነው? መልሱ ገመና ከምንላት ቃል ይጀምራል። ልጁ መቃም ወይም መጠጣት መጀመሩን ያወቀ ቤተሰብ የመጀመሪያ ሥራው መሸፈን ነው። እናት የጠፋውን የጆሮ ጌጥ «እኔው ነኝ የጣልኩት» ትላለች፤ ታላቅ ወንድም የሱቁን ዱቤ ደብቆ ይከፍላል፤ ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ የምትደክመው እህት «ለኮርስ ነው» ተብላ ገንዘብ ትልካለች፤ አባት እንዳይሰማ ሁሉም ይማማላል። አባት የሰማ ዕለት ደግሞ ነገሩ በአንድ ሌሊት ተገልብጦ «ከቤቴ ውጣ» ይሆናል። በመሸፈንና በማባረር መካከል ልጁን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ዘመድ ማማከር፣ ገንዘቡን መቆጣጠር፣ ደጋግሞ መነጋገር የሚባሉ ብዙ መንገዶች ነበሩ። አብዛኛው ቤተሰብ አንዱንም ሳይሞክር ከመጀመሪያው ጫፍ ወደ መጨረሻው ይዘላል።

ልጆቹ እንዴት እንደሚጀምሩ ስንጠየቅ «የጓደኛ ግፊት» ብለን እናልፋለን። እኔ እስከማውቀው ድረስ ብዙዎቹ የጀመሩት በጥናት ስም ነው። ቤተሰብ ስንቅ ቋጥሮና መርቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከው ልጅ፣ የፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማንበብ የቻለውን የክፍል ጓደኛውን ያያል፤ ከግቢው በር ሳይርቅም ጫት ቤቱን ያገኛል። የመጀመሪያው ዓመት ፈተና በምርቃና ያልፍና መንገዱ የተሳካ ይመስላል። ችግሩ የሚታየው ፈተና በሌለበት ቀንም ያለ ጫት መጽሐፍ መግለጥ ሲያቅተው ነው።

የሱሱን አካሄድ ቤተሰብ በቅጡ ስለማያውቀው የሚያየውን ምልክት ሁሉ የጠባይ ብልሽት አድርጎ ይተረጉመዋል። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫው ላይ ወሬው ይደምቃል፣ ዕቅዱ ይበዛል፣ ቃሚው ዓለምን የሚያስተካክል ይመስለዋል፤ ምርቃና የሚባለው ይህ ነው። ሲመሽ መንፈሱ ይወርዳል፤ ይከፋዋል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ግን የለም። ያንን ለማብረድ መጠጥ ይከተላል፤ ቃሚዎች «ጨብሲ» የሚሉት። በኔ እምነት ከቅጠሉ ይልቅ ብዙ ቤት ያፈረሰው ይህ የማታው ክፍል ነው። ጫት አለቅጥ ያነቃቃውን ሰውነት በአልኮል ለማደንዘዝ የሚወሰደው መጠን ከተራ ጠጪ መጠን ይበልጣልና ልጁ ሳያውቀው የሁለት ነገር ሱሰኛ ይሆናል። ሌሊት የሚያስጨንቀው ቅዠት፣ ዱካክ የሚሉት፣ ይመጣል፤ ጠዋት ደግሞ ሐራራው ይቀሰቅሰዋል። እናት እስከ እኩለ ቀን የሚተኛ ሰነፍ ልጅ አለኝ ብላ ታለቅሳለች። ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዋጋ ያደረ ሰው ነው።

በዚህ ላይ ሺሻው፣ ጋንጃው፣ ከየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ የሚወጣው ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ሲጨመር አደጋው በእጥፍ ያድጋል። ትራማዶል ከመጠን ሲያልፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ከአልኮል ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ትንፋሽን ያዳክማል። የሰፈራችን ልጅም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ለየጎዳናው ልጆች ማስቲሽ ምን እንደሚያደርግ የመስቀል አደባባይን ዙሪያ በምሽት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋልና አላብራራም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች መፍትሔውን ባጭሩ «ጫት ይታገድ» በሚለው ይዘጉታል። ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. አግዳለች፤ ኔዘርላንድስም ከዚያ ቀደም ብላ አግዳለች፤ እነርሱ ግን አያበቅሉትም። እኛ ዘንድ በሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበያ ስላገኘለት ነው፤ አገሪቱም በአንዳንድ ዓመት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የውጭ ምንዛሪ አግኝታበታለች። በሐረርና በወሎ ደግሞ ጫት የዱዓና የሐድራ አካል ሆኖ ሽማግሌ ፊት፣ በሰዓቱና በልኩ ሲቃም ኖሯል። የከተማችን መቃሚያ ቤት ከዚያ ሥርዓት ቅጠሉን ብቻ ወስዶ ሽማግሌውን ትቶታል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአራት ወንዶች አንድ ያህሉ ጫት ቅሞ እንደሚያውቅ ተናግሯል። ይህን ያህል ሕዝብ የነካን ነገር በአንድ አዋጅ አጠፋለሁ ማለት ከምርቃና ዕቅድ ብዙም አይለይም። (ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ጫት የጫነ አይሱዙ በየመንገዱ እንደ እብድ ይበራል፤ ሕዝቡ ለዚህ መኪና ያወጣለትን «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም አንባቢ ያውቀዋል። ያልቃመውም ሰው በጫት ምክንያት የሚሞትበት መንገድ አለ ለማለት ነው።)

ሕጋችን ግን አንድ እንግዳ ክፍተት አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ሺሻንም አግዷል። የሚደነቅ ሕግ ነው። ጫትን በተመለከተ ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ገደብ አላኖረም፤ ስለዚህ ቢራ ሊሸጥለት የማይፈቀደው የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ደብተሩን እንደያዘ ገብቶ አንድ እስር ጫት ቢገዛ ሻጩ የጣሰው የዕድሜ ሕግ የለም። ማገድ አይቻልም ብያለሁ፤ ለሕፃን አለመሸጥና ከትምህርት ቤት አጥር ማራቅ ግን ይቻላል። ከዚህ ይልቅ የምናየው በየጊዜው የሚደረግ አሰሳ ነው፦ ፖሊስ ሺሻ ቤት ይገባል፣ ዕቃው ተሰብስቦ በካሜራ ፊት ይቃጠላል፣ ልጆቹ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው በቴሌቪዥን ይታያሉ። ከዚያ ወር ሳይሞላ ሁለት ቤት አልፎ ሌላ መጋረጃ ይሰቀላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አደገኛ ዕፅ የሚያዘዋውረውና የሚጠቀመው አብረው ተጠቅሰዋል፤ ይህን የሚያውቅ እናትና አባት ልጃቸው ምን እንደሚወስድ ለሰው ቢናገሩ እስር ቤት የሚያስገቡት ስለሚመስላቸው አፋቸውን ይዘጋሉ። ገመናን የፈጠረው ሕጉ አይደለም፤ ግን ቁልፍ ጨምሮበታል።

ወደ ሕክምና የሚሄዱትም የሚሄዱት ከመሸ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለሕዝቡ ከሕክምና ቦታነቱ በፊት ስድብ ነው፤ «አማኑኤል ይወሰድ» የተባለ ልጅ ነገ ማን ያገባዋል፣ ማን ይቀጥረዋል ይባላል። ስለዚህ ልጁ በቤት ይቆለፍበታል፤ በአንዳንድ ቦታም በሰንሰለት ይታሰራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ጫት ያቆመ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ይጫጫነዋል፣ ይከፋዋል፣ ያምረዋል፤ በራሱ የሚገድል ነገር ግን አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣን ሰው በድንገት ማስቆም ግን ሌላ ነው፤ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየትና የሚጥል ሕመም ሊመጣበት፣ ሳይታከም ከቀረም ሊሞት ይችላል። ልጁን ከመጠጥ ላድን ብሎ ክፍል ውስጥ የሚቆልፍ አባት ይህን ሳያውቅ ነው የሚቆልፈው። እንዲሁም የትራማዶል ዓይነት መድኃኒት ለወራት ትቶ የቆየ ሰው ሲመለስ የቀድሞውን መጠን ከወሰደ፣ ሰውነቱ ልማዱን ስላጣ በዚያው ሊቀር ይችላል። «ሦስት ወር ንጹሕ ነበር እኮ፣ ምን ነካው» የሚል ለቅሶ ውስጥ ይህ እውነት ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይገኛል።

ጠበልን በተመለከተ የሚነሣው ክርክር አዲስ አይመስለኝም። እንጦጦ ማርያም በኤችአይቪ ሕሙማን ተሞልታ በነበረችበት ዘመን መድኃኒቱን ጥለው ጠበል ብቻ የሚጠጡ ብዙዎች ነበሩ። አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ስንት ሰው እንዳተረፈ የሚቆጥር የለም እንጂ ከብዙ ፖስተር ይበልጥ ነበር። ዛሬም ሱስ የያዘውን ልጅ የሚያጠምቅ አባት «የሐኪም ቀጠሮህን እንዳትዘል» ቢለው እናትየው ከቃሉ አትወጣም፤ በመስጊዱም በኩል እንዲሁ።

ኤችአይቪን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ያኔም «ባደረበት ሕመም» ይነበብ ነበር፤ ያኔም «ሳንባው ነው» ይባል ነበር። ያን ዝምታ የሰበሩት ሦስት ነገሮች ይመስሉኛል። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች የመሠረቱትን የተስፋ ጎህ ማኅበር አባላትን የመሰሉ ሰዎች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ወጥተው ስለ ራሳቸው ተናገሩ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረና መናገር ትርፍ ያለው ነገር ሆነ። ከሁለቱ ያላነሰው ሦስተኛው ደግሞ፣ ቀብር ብቻ ያውቁ የነበሩ እድሮች የታመመ አባላቸውን በቤቱ መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ የቀሩትን ልጆች ማገዝ ጀመሩ። ሱስን በተመለከተ ሦስቱም ገና አልሆኑልንም። አገግሞ የሚናገር ወጣት ጥቂት ነው፤ አማኑኤልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ቢሰጡም አልጋቸው ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አይበቃም፤ እድሩም ወደ ጥንት ሥራው ተመልሷል።

እድር ላይ የምዘገየው ከመንግሥት ይልቅ ስለሚቀርበኝ ነው። እድር የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ያውቃል፤ ማን ታመመ፣ ማን ሥራ ፈታ፣ የማን ልጅ ከቤት ወጣ የሚለው ወሬ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ የሚደርሰው ለእድሩ ጸሐፊ ነው። ገንዘብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያከብረው ሽማግሌ አለው። አንድ እናት ልጇን ሆስፒታል ለመውሰድ የሚያስፈልጋት የመጓጓዣ ገንዘብ፣ አብሯት የሚሄድ አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ሲመለስም ልጁን ጋራዡ ወይም ሱቁ ውስጥ የሚያስጠጋ አንድ አባል ነው። ይህ ሁሉ ለቀብር ከምናወጣው ያንሳል። የጎረቤቱ ልጅ ፋርማሲው ደጃፍ ወዲያ ወዲህ ሲል ያየ አባልም፣ ሐሜት አድርጎ ከሚያወራው ይልቅ ለአባትየው የሚነግርበት የተከበረ መንገድ ያገኛል።

ከልጁ አርባ በኋላ በወርሃዊው ስብሰባችን ይህንኑ አነሣሁ። ሰብሳቢያችን በጥሞና ሰሙኝና መተዳደሪያ ደንቡን ገልጠው አነበቡልኝ፤ ደንቡ የሚናገረው ስለ ቀብር፣ ስለ ድንኳንና ስለ ቅጣት ነው። «የሰው ገመና ውስጥ ገብተን ምን ልንባል ነው?» አሉ አንድ አባል። የልጁ አባት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ለቅሶ ላይ «ልቡ ነው» ያሉት። እጃቸውን አወጡና «ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ እኔም እንደምታውቁ አውቅ ነበር» ብለው ተቀመጡ። ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር የሚለው ሐሳብ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተይዟል።