እንቅልፍ የነሳን የአንጎላችን ኬሚስትሪ ነው ወይስ አኗኗራችን?

«እንቅልፍ ላጣ ሰው በቅድሚያ መድኃኒት ይሰጠው ወይስ አኗኗሩ ይስተካከል?» በሚለው ሁለት የጎንደር የጤና ባለሙያዎች አልተስማሙም። አንዷ ፒያሳ የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፤ ሌላው የአዘዞ ነዋሪ የሆነ የሥነ አእምሮ ነርስ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ «ሐሳብህን ጣለውና ተኛ» የሚሉት ምክር ያናድደኛል። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ደብተራ ጧት ጋደም ሲል እንቅልፍ ይወስደዋል። የእኔ ደንበኛ ግን ደክሞት፣ አልጋው ተነጥፎለት፣ ዓይኑ አልከደን ይላል። አንጎሉ ውስጥ የሚያነቁት ንጥረ ነገሮች፣ ኦሬክሲን፣ ሂስታሚንና ኖርአድሬናሊን፣ ሲያይሉ የሚያረጋጋው ንጥረ ነገር፣ ጋባ፣ አይችላቸውም። ኦሬክሲን የታወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። እሱን የሚያመነጩ ሕዋሶች የጠፉበት ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ወሬ መሀል ሳይቀር እንቅልፍ ይጥለዋል። ስንቱን «ሰነፍ» ብለን ሰድበን ይሆን!

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ ተኩስ ከተሰማ ወዲህ በር ኳ ባለ ቁጥር ከአልጋው የሚዘል ሰው አለ። ለእሱ «ቡና ቀንስ» ልበለው?

ነርሱ፦ እህቴ፣ ንጥረ ነገሮቹ የሉም ያለሽ የለም። ግን እንቅልፍ ማጣት እንደ ደም ማነስ በላቦራቶሪ ተለክቶ የሚገኝ ጉድለት አይደለም። የምንለየው ጠይቀን ነው፦ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ከዘለቀ ሥር ሰደደ እንላለን።

ደግሞ አዴኖሲንን ዘለልሽው። ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን መቀበያውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ አዴኖሲኑ እያለ መልእክቱ አይደርስም። እኛ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሩቡ አብሮን አለ ማለት ነው። ጎረቤት ጠርቶ «አልጠጣም» ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ጎንደሬ ነኝ። ቡናውን ወደ ጧት ማዞር ግን ማንንም አያስቀይምም።

ያላየሽው ሌላም አለ። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት አልጋ ላይ ይቆያል፣ ከምሳ በኋላም ያሸልባል። ያጠራቀመውን አዴኖሲን በቀን ጨረሰው፤ ማታ በምን ይተኛ? የመነሻ ሰዓትን አንድ ማድረግ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል ከአልጋ ወርዶ ሌላ ክፍል መቀመጥ፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማዋል ተራ ምክር አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒት በፊት ይሰጥ ያለው ይህንን ዓይነቱን የባህርይ ሕክምና ነው። የሚያረጋጋውና የሚያስተኛው ክኒን ዳያዜፓም ጋባን ያበረታል፤ ሲሰነብት ግን አንጎል ይለምደዋል። በድንገት ያቋረጠው ሰው እንቅልፉ ከቀድሞው ይብሳል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊመጣበት ይችላል።

ፋርማሲስቷ፦ ዳያዜፓምን ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ካለ አብሬህ እጣላዋለሁ። ለእንቅልፍ ብለው የአለርጂ መድኃኒቱን ክሎርፌኒራሚን የሚጠይቁኝንም እመልሳለሁ፤ ሂስታሚንን ስለሚያግድ ያስተኛል፣ ሲነጋ ግን ባጃጅ ላይ ያፈዛል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህን የባህርይ ሕክምና ማን ይስጠው? ከደምቢያ ለመጣ ገበሬ «በየሳምንቱ ተመላለስ» ልትለው ነው? ለጥቂት ሌሊት በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ክኒን ቢያንስ እጁ ላይ ይገባል።

ነርሱ፦ ገበሬው ባይመላለስም አንድ ጊዜ መጥቷልና ያን ዕድል አናባክነው። ክኒኑን ስትሰጪው ቡናውን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጠጣ፣ ጧትም ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቂው። ሐኪሙ በጥድፊያ ሳይጠይቀው አልፎ ሊሆን ይችላል።

ፋርማሲስቷ፦ እጠይቀዋለሁ። ክኒኑን ግን አልከለክለውም።