ሰርቨሩ ሲቆም ፋብሪካው ለምን ይቆማል?

በኦገስት 2023 ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ያሉት 14ቱም የመኪና መገጣጠሚያዎቹ ቀጥ አሉ። የሳይበር ጥቃት አልነበረም። የዕቃ ትዕዛዝ የሚያስተናግዱት ሰርቨሮች በጥገና ወቅት የዲስክ ቦታ አልቆባቸው ነው። መጠባበቂያዎቹስ? በዚያው ሲስተም ላይ ስለነበሩ አብረው ወደቁ።

ስለ ፋብሪካ ሶፍትዌር አወቃቀር ክርክር በተነሳ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ክርክሩ ሁሌም ዳታው በየት በኩል ይለፍ ነው። አንዱ ሲወድቅ ማንን ይዞ ይወድቃል የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የድሮው አወቃቀር ፒራሚድ ነው። ከታች ማሽኑና ሴንሰሩ፣ ቀጥሎ ማሽኑን የሚያዘው ፒኤልሲ፣ ከዚያ ኦፕሬተሩ የሚከታተልበት ስካዳ፣ ከዚያ ምርቱን የሚመራው ኤምኢኤስ፣ ጫፉ ላይ ሒሳብና ግዢ የያዘው ኢአርፒ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከተሠራው የፐርዱ ሞዴል መጣ፤ አይኤስኤ-95 የተባለው ስታንዳርድ አጸናው። እያንዳንዱ ደረጃ በዋናነት የሚያወራው ከላይና ከታች ካለው ጋር ነው።

ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በተግባር ጥራት ክፍሉ ከማሽኑ በቀጥታ ዳታ ይስባል፤ መጋዘኑም የራሱን ማገናኛ አስጽፏል። 10 ሲስተሞች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢያያዙ 45 ግንኙነት ይሆናል። አንዱን ለማደስ ሲታሰብ ሁሉም ይፈራል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙ ቦታ ሁሉንም አገናኝቶ የያዘው የአንዲት የፕላን ሠራተኛ ኤክሴል ነው።

ስለዚህ ፒራሚዱ ይፍረስ የሚሉትን እደግፋለሁ። አዲሱ መንገድ ሁሉም ዳታውን አንድ የጋራ ቦታ ላይ እንዲያወጣ፣ የፈለገም ከዚያ እንዲያነብ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ኤምኪውቲቲ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነበር። ደካማ ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተፈጠረ ነው። አዲስ ሲስተም ሲመጣ የቆዩትን መነካካት አያስፈልግም። ትልቅ እፎይታ ነው።

የማልስማማው ውሳኔውም ከዳታው ጋር ወደ ክላውድ፣ ማለትም ከፋብሪካው ውጭ በኢንተርኔት ወደሚገኝ ሰርቨር፣ ይሂድ ሲባል ነው። ማሽን 20 እና 30 ዓመት ያገለግላል፤ ሶፍትዌሩ በየጊዜው ይቀየራል። ፒኤልሲ በሚሊሰከንድ ነው የሚወስነው፤ ከክላውድ መልስ እስኪመጣ መጠበቅ አይችልም። ሪፖርቱ፣ ትንተናው፣ ትንበያው የትም ይሂድ። ማሽኑን የሚያስነሳውና የሚያቆመው፣ እንዲሁም የቀጣዩ ፈረቃ የሥራ ትዕዛዝ ግን እዚያው ፋብሪካው ውስጥ መቀመጥ አለበት። በማርች 2019 የኖርዌዩ አሉሚኒየም አምራች ኖርስክ ሃይድሮ በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ) ሲመታ አንዳንድ ፋብሪካዎቹ በእጅ ወደ መሥራት ተመለሱ። የቻሉት በእጅ መሥራት የሚያውቅ ሰው ስለነበራቸው ነው።

አዲስ ሲስተም ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ከስላይዱ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ የውጭው ኔትወርክ ቢነቀል መስመሩ አንድ ሙሉ ፈረቃ ይሠራል? «አይቋረጥም» ካላችሁ መልስ አልሰጣችሁም። ነቅሎ ያሳያችሁ። በእርግጥ በፋብሪካው ውስጥ የሲስተሙን የተለየ ቅጂ ማስቀመጥ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በጀት ሲቀነስም መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። በአይቲ ክፍል በጀት ስለሚያዝ ነው። ወጪው ከምርት ክፍሉ ቢያዝና መስመሩ አንድ ሰዓት ሲቆም ከሚደርሰው ኪሳራ ጋር ጎን ለጎን ቢታይ፣ ያን ያህል በቀላሉ አይሰረዝም ነበር።