ስም የወጣለት ሰፈር

ማያሚ ሲባል ሁላችንም የሚታየን አንድ ነው። ባሕር፣ ዘንባባ፣ ጣሪያ የሌለው መኪና። የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ግን እዚያ ማያሚ ውስጥ አይደለም። ቤቷ ማያሚ ቢች ከታዋቂዎቹ ሆቴሎች ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ፣ ኖርማንዲ አይል የሚባል ሰፈር ነው። ባለፈው ታኅሣሥ የሜሪላንድን ብርድ ሸሽቼ ሄድኩባትና አራት ቀን ሰነበትኩ።

ሕንፃው ምድርና አንድ ፎቅ ብቻ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። የሚሸከሙት የብረት ቱቦዎች ከክንዴ አይወፍሩም። በየፎቁ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ክፍት በረንዳ አለ። የሁሉም ሰው በር የሚከፈተው ወደዚያ ነው። መሃል ላይ ትንሽ ግቢ፣ አንድ ዘንባባ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። ከደረጃው ጎን ያለው ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ብሎኬት ነው።

እኔ ሻንጣዬን ይዤ ብሎኬቱ ፊት ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሆኜ ካዛንቺስ ተከራይተን የኖርንበት ቤት ደረጃው ላይ ልክ እንዲህ ያለ ብሎኬት ነበረው። ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት ሊሾው ላይ የገበጣ ጉድጓድ የመሰለ የብርሃን ክብ ይደረደራል። እኔና እህቴ ከክብ ክብ እየዘለልን ትምህርት ቤት ይረፍድብን ነበር። የቤቱ ቁልፍ የሚቀመጠውም ከታች ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሌባው ሳይቀር ሳያውቀው አይቀርም።

«ጋሼ፣ ምን እያየህ ነው? አሮጌ ቤት እኮ ነው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

አሮጌስ አሮጌ ነው። የሰፈሩ አብዛኛው ቤት የተሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ እስከ 1960ዎቹ ባለው ጊዜ ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ጦር የማያሚ ቢችን ሆቴሎች ይዞ ወታደር ያሠለጥንባቸው ነበር። ከዘመቱት ብዙዎቹ ያንን ፀሐይ አልረሱትም። ሰላም ሲሆን ሚስታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከኒውዮርክ ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ በተለይ አይሁዳውያን፣ ተከተሉ። ሀብታሞች አልነበሩም። ቤቱ ርካሽ መሆን ነበረበት። አየር ማቀዝቀዣ ደግሞ ያኔ ለተራ ተከራይ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ የሕንፃው ሥራ ሁሉ ነፋስ መያዝ ነው። በሩ በበረንዳው በኩል፣ መስኮቱ በጀርባ በኩል ስለሆነ ሁለቱ ሲከፈቱ የባሕሩ ነፋስ ቤቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ወጣ ያለው ጣሪያ የቀትሩን ፀሐይ ይመልሳል። ብሎኬቱ ነፋሱን አሳልፎ ፀሐዩን ይቆራርጠዋል። መስኮቶቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ የመስታወት ቁራጮች ናቸው፤ እጀታውን ስታሽከረክር አንድ ላይ ይከፈታሉ። ዝናብ ቢዘንብም አትዘጋቸውም፤ ውሃው በላያቸው ላይ ይንሸራተታል። ዛሬ አብዛኛው ሰው ኤሲ ገጥሞ መስኮቱን አሽጎታል። የአክስቴ ልጅም እንደዚያው። አንድ ቀን ከሥራ ሳትመለስ ኤሲውን አጥፍቼ በሩንም መስኮቱንም ከፈትኩት። ስትመጣ የመብራት ሂሳብ ልቀንስላት እንደሆነ ነው የጠየቀችኝ።

እውነቱን ለመናገር ልቤን የወሰደው ነፋሱ አይደለም፤ በረንዳው ነው። በዚያ በረንዳ ላይ ሰው ሳታገኝ ቤትህ መግባት አትችልም። ከጎን የሚኖሩ አንዲት አርጀንቲናዊት አሮጊት አሉ። ጠዋት ፎጣቸውን ብረቱ ላይ ያሰጣሉ፣ ማቴ የሚባለውን የአገራቸውን ሻይ በቀጭን ቧንቧ እየማጉ ይቀመጣሉ። ሰፈሩ አርጀንቲናዊ ይበዛበታል። በሁለተኛው ቀን ማን እንደሆንኩ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ ለምን እንደከሳሁ ሁሉ ጠይቀውኝ ጨርሰዋል። እኔ ስፓኒሽ አልችልም፣ እሳቸው እንግሊዝኛ ብዙም አይሉ። ግን ተግባባን።

እኔ የምኖርበት ሕንፃ መግቢያ ምንጣፍ የለበሰ፣ ቀንም ሌሊትም መብራት የሚበራበት ረጅም ኮሪደር ነው። ግራና ቀኝ የተዘጋ በር። የጎረቤቴን ፊት በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቢያይ ነው ዓይኔ። ሽታውን ግን አውቀዋለሁ፤ ማታ ማታ ዓሣ ይጠብሳል። ሰዎቹ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ኮሪደሩ ሰው የሚቆምበት ቦታ አይደለም። ካዛንቺስ በረንዳችን ላይ በርበሬ ይሰጣል፣ ልጅ ይታጠባል፣ ቡና ሲቆላ አልፎ የሚሄድ ሰው ጭሱን ወደ ራሱ ይስባል። ሽንት ቤቱ የጋራ እንደነበረና በዝናብ ጊዜ ጣሪያው እንደሚያፈስ አልረሳሁም። ናፍቆት ሁሉን ያሳምራል፤ እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አላታለለኝም።

እነዚህ የማያሚ ቤቶች ለብዙ ዘመን ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ነበሩ። ከደቡብ በኩል ያሉት ከጦርነቱ በፊት አርት ዴኮ በሚባለው የአሠራር ስልት የተሠሩት ሕንፃዎች በ1979 በብሔራዊ የቅርስ መዝገብ ገብተው ዓለም እየመጣ ፎቶ ሲነሳባቸው፣ የሰሜኖቹ «ያረጁ ኪራይ ቤቶች» ነበሩ፣ በቃ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቴሪ ዳሚኮ የተባለች የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያና ራንዳል ሮቢንሰን የተባለ የከተማ ፕላን ባለሙያ አንድ ነገር አደረጉ። ስም አወጡላቸው። «ሚሞ» አሏቸው፤ ማያሚ ሞደርን ማለት ነው። የልጅ መጠሪያ የመሰለ አጭር ስም። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው፣ አስጎብኚው፣ የቤት ደላላው ሳይቀር ሚሞ ማለት ጀመረ። ኖርማንዲ አይልስ በ2008፣ ጎረቤቱ ኖርዝ ሾር በ2009 መዝገቡ ውስጥ ገቡ። ትላንት አሮጌ የተባለው ቀዳዳ ብሎኬት አሁን በማስታወቂያ ላይ ኪራይ መጨመሪያ ሆኗል። ይሄንንም መታዘብ ነው።

በእርግጥ ከዚያው ዘመን ትልልቆቹ ቀድሞም ስም ነበራቸው። አርክቴክቱ ሞሪስ ላፒደስ በ1954 የሠራው ፎንቴንብሎ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «የትም የማያደርስ» የሚባል ደረጃ አለ። ላፒደስ ከዚያ በፊት የሱቅ ዲዛይነር ነበርና ሰው መታየት እንደሚወድ ያውቃል። እንግዶቹ በአሳንሰር ይወጡ፣ ኮታቸውን እላይ ያስቀምጡ፣ ከዚያ አጊጠው በደረጃው ይወርዱ ነበር። የሰርግ ቤት አገባባችንን አስታወሰኝ። ቀጥሎ ኤደን ሮክ የሚባል ሆቴል አጠገቡ ሲከፈትበት የፎንቴንብሎ ባለቤት በንዴት 14 ፎቅ አቆመ። ወደ ጎረቤቱ የዞረውም ፊት ባዶ ግድግዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላው የጎረቤቱን መዋኛ ገንዳ ይሸፍናል። ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1959 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሕግ የፀሐይ ብርሃን መብት የሚባል ነገር የለም ብሎ ለግንበኛው ፈረደ። በእኛ አገር ጎረቤት ሲጣላ አጥር ይገፋል፤ እነሱ ፀሐይ ወሰዱ።

በሦስተኛው ቀን በእግሬ ባሕሩ ዳር ወዳለች የሙዚቃ መድረክ ሄድኩ። አርክቴክቱ ኖርማን ጊለር የሠራት ናት። ትንሽ ናት፤ ጣሪያዋ በቀጭን እግር የቆመ ክብ ሰፌድ ይመስላል። የተሠራችበትን ዓመት ሳይ ፈገግ አልኩ። 1961። አዲስ አበባ ላይ አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀበት ዓመት ነው፤ በእኛ 1953። ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ያንን ሲሠራ፣ አፈወርቅ ተክሌ መስታወቱን ሲስል፣ ማያሚ ላይ ጊለር ይሄን ሰፌድ ይደፋ ነበር። አይተዋወቁም። ግን ሁለቱም ዘመኑ አዲስ ነው ብለው አምነው ነበር። አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። ደስ ይላል። አዳራሹ ስም አለው፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው፣ ማን ይነካዋል?

አዳራሹ በተከፈተበት በዚያው በ2024 ካዛንቺስ ፈረሰ። ለነገሩ ስሙም ከጣሊያን የቀረ ነው፤ ካዛ ኢንቺስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት። እኛ የኖርንበት ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን የተሠራ ነው። ያንን ዓይነት ቤት ምን ብለን እንጠራዋለን? «የድሮ ቤት»። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራውም የድሮ ቤት፣ በ60ዎቹ የተሠራውም የድሮ ቤት። በምትኩ የሚነሳው ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት ነው። ከውጭ ያምራል። ውስጡ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሰው ግን መጋረጃ ዘግቶ መብራት ያበራል። አዲስ አበባ፣ ያ ሁሉ ደህና አየር እያላት!

ስም ብቻውን ያድናል እያልኩ አይደለም። ከአክስቴ ልጅ ቤት ብዙም ሳይርቅ ዶቪል የሚባል ሆቴል ነበር፤ በ1957 የተሠራ፣ የእንግሊዞቹ ሙዚቀኞች ቢትልሶች በ1964 ለአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ የዘፈኑበት። የቅርስ ጥበቃ ባለበት ሰፈር ውስጥ ነው። በ2017 የኤሌክትሪክ እሳት ተነሳበትና ተዘጋ፣ ሳይጠገን ቆየ፣ አደገኛ ነው ተባለ። በ2022 በፈንጂ አወረዱት። አሁን ቦታው ባዶ ሆኖ አጥር ዙሪያውን ቆሟል። በመካከሉ፣ በ2021፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ሰርፍሳይድ ላይ 12 ፎቅ መኖሪያ ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ሞቷል። እሱ እንኳ አሮጌ የሚባል አልነበረም፤ በ1981 የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያረጀ አርማታ ሲያይ የማይፈራ የለም። የአክስቴ ልጅም አንድ ሌሊት ግድግዳው ላይ ያለ ስንጥቅ በስልኳ መብራት ስታሳየኝ ነበር። የቀለም ስንጥቅ ነው አልኳት። ምን አውቄ።

ወደ ሜሪላንድ ከመመለሴ በፊት ብሎኬቱን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ውይ! የእርግብ ቤት!»

«ምን አልሽ እማዬ?»

«የእርግብ ቤት ነበር የምንለው። ረሳኸው እንዴ? አባትህ ነው ያወጣለት።»

ረስቼው ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ብሎኬቶቹ ምን ሆኑ ብዬ ጠየቅኳት። ጎረቤታችን የነበሩት ሴትዮ ስድስቱን አስነቅለው በታክሲ ጭነው ወደ አዲሱ ኮንዶሚኒየማቸው ወስደዋል አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባልኮኒያቸው ላይ ደርድረው ጤና አዳም ተክለውባቸዋል።