ለሦስት ዓመቱ ተፈታኝ መልካም ዕድል!

ሰሞኑን አንድ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ደረሰኝ። «ለነርሰሪ የሚመዘገቡ ሕፃናት የመግቢያ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይወስዳሉ። ያላለፈ አይመዘገብም።» የተፈታኞቹ ዕድሜ ሦስት ዓመት ነው። ለእናንተም ሳይደርሳችሁ አይቀርም፤ ወቅቱ ነው።

እሰይ! እስከ ዛሬ ልጆች ምንም ሳያውቁ ትምህርት ቤት ሲገቡ ዝም ብለን ማየታችን ያሳፍራል። የማያውቅ ልጅ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል? መጀመሪያ ይወቅ፤ ከዚያ ይማር።

ፈተናውማ ጥበብ ነው። ተፈታኙ የትልቅ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እግሩ መሬት አይነካም። ጫማውን ግራና ቀኙን አዛውሮ ነው ያደረገው። ፈታኟ የዝሆን ሥዕል ታሳየዋለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ልጁ ሥዕሉን ትክ ብሎ ያያል። «እናቱስ?» ይላል። ስህተት! ዜሮ። ስለ እናቱ ማን ጠየቀህ? «ስምህ ማነው?» ይነግራታል። «የአንቺስ?» ብሎ ይጨምራል። ይሄም ይመዘገባል፦ ከጥያቄ ውጪ ያወራል። ቀጥሎ ቀለም መለየት። ቀዩን «ቀይ» አለ፣ ጎሽ። ሰማያዊውን ግን አንስቶ ኪሱ ከተተው። እናት ከበሩ ጀርባ አንገቷን አስግጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ «ሰ-ማ-ያ-ዊ» ትላለች። ኩረጃ ነው፣ በሩ ይዘጋ! በሩ ሲዘጋ ልጁ አለቀሰ። ፈታኟ ጻፈች፦ «ስሜትን የመቆጣጠር ችሎታ፦ ዝቅተኛ።»

ከዚያ ተራው የአባት ነው። ከረባት አስሮ መጥቷል። «ከሃያ ዓመት በኋላ ልጅዎን የት ያዩታል?» አባት ሲያጠናው ያደረውን «ችግር ፈቺ፣ በዓለም ደረጃ ተወዳዳሪ» አንበለበለው። ችግር ፈቺው በዚህ ሰዓት ሽንቱ መጥቶበታል።

ደግነቱ አስጠኚ አለ፤ ለነርሰሪ መግቢያ ብቻ የሚያዘጋጅ። እርሳስ አያያዝ፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ዝሆን። መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ ነርሰሪ የሚያስተምረውን ሁሉ ተምሮ ይጨርስና ነርሰሪ ይገባል። ትምህርት ቤቱም ዓመቱ ሲያልቅ «ልጆቻችን ፊደል ለዩ» ብሎ ያስጨበጭባል። እንዲህ ያለ ድካም የሌለው ማስተማር ከየት ይገኛል?

ይሄ ያልገባቸው ሰዎችም ነበሩ። አሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ ኢፕሲላንቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረ የፔሪ ቅድመ መደበኛ ጥናት አለ። እነሱም ልጆችን ፈትነዋል። የመረጡት ግን ከድሃ ቤተሰብ የመጡትን፣ ያውም ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ነው! ከ123ቱ ልጆች ለ58ቱ ጥሩ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ሰጧቸው። አስተማሪዎቹ ቤት ድረስ እየሄዱ ከእናቶች ጋር ይሠሩ ነበር። 40 ዓመት ሲሞላቸው ሲታይ፣ ትምህርቱን ካላገኙት ይልቅ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት በዙ፣ ገቢያቸው ተሻለ፣ በፖሊስ የተያዙትም አነሱ። ዝሆኑን ያላወቁት ናቸው እንግዲህ።

ቀልዱን አንዴ ልተወው። የሦስት ዓመት ልጅን «ወድቋል» ብሎ ለሚጽፍ ሰው እጁ እንዴት ታዘዘለት? ይሄኛውስ እስከ በሩ ደርሷል። እናቱ ሥራ ስትወጣ ከስምንት ዓመት እህቱ ጋር የሚውል ልጅ አለ። እሷ ራሷ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን ነበረባት። አንድ ደህና መዋዕለ ሕፃናት በአቅራቢያቸው ቢኖር ሁለቱም ይማሩ ነበር። ሁለቱም! ይሄን እያወቅን ነው ስለ ዝሆን የምንጠይቀው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። መድረክ ላይ «ሕፃናት የነገ ተስፋ ናቸው» እያሉ ድምፃቸው የሚርገበገብባቸውን ሳላመሰግን አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2022 በኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽከንት፣ ከዩኔስኮ ጉባኤ በወጣው መግለጫ አገሮች ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ መደበኛ ለማዋል ተስማምተዋል። ልጆቹ የነገ ስለሆኑ ገንዘቡም ነገ ይመጣል።

«ለሁሉም ክፍት» የተባለ ክፍልም አልጠፋም። ከትልልቆቹ የተረፈ አግዳሚ ወንበር አለው። መጫወቻ የለውም። ለሕፃናት ያልሠለጠነች አንዲት መምህርት ቀኑን ሙሉ ፊደል ታስጮሃለች። ይሄንንም እናሻሽለው ስትሉ አንድ ልጁ ፈተናውን ያለፈለት ወላጅ ይነሳል። «ለሁሉም ከተከፈተ ጥራቱ ይወርዳል» ይላችኋል።

እውነቱን ነው። ማንም የሚገባበት ከሆነማ ልጅን ማስገባት ምኑ ያኮራል?