ጉልበታቸውን በርበሬ የሚቀቡ ሰዎች

አሜሪካኖች በርበሬ መብላት ይፈራሉ፤ ጉልበታቸውን ግን ይቀቡታል። እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ መድኃኒት ቤት ገባ ብትሉ ከወገብና ከጉልበት ቅባቶች መሀል የበርበሬ ቅባት አይጠፋም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ሚጥሚጣን ሚጥሚጣ ያደረገውም እሱው ነው።

ጠንከር ያለም አለ። አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ነርቭ ላይ ለሚቀር ሕመም 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ልጥፍ በፈረንጆቹ 2009 ተፈቅዷል። የሚለጥፈው የጤና ባለሙያ ነው። ጓንቱ ናይትራይል መሆን አለበት፤ ተራው የላቴክስ ጓንት አያስጥልም። ልጥፉ ለአንድ ሰዓት ይቆይና ይነሳል። ከሠራ እስከ ሦስት ወር ያስታግሳል።

ይሄን ሳነብ ትዝ የሚሉኝ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለችው አክስቴ እጆች ናቸው። ዛላውን ስትቀነጥስ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ስትደልዝ፣ ግቢው በሙሉ ሲያነጥስ ጓንት የሚባል ነገር የለም። ማታ እጇ ሲንገበገብ ወደ ውሃ አትሮጥም። ቅቤ ትቀባና በጨርቅ ትጠርገዋለች። ልክ ናት። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በስብ ነው የሚለቀው።

የእሷ ጉልበት ሲያማት ግን በርበሬ ትዝ አይላትም። ዲክሎፌናክ ትውጣለች። ጎረቤት ያላትን፣ ካለፈው የተረፈውን፣ በባዶ ሆድም ቢሆን። ከዚያ ጨጓራዋ ይነሳል። ማን ይወቀሳል? በርበሬ! ወጡ አልጫ ይሆናል፣ ቤተሰቡ ያዝናል፣ ክኒኑ ይቀጥላል።

የጨጓራ ቁስል ዋና መንስኤዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ለዚህ ግኝት በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ሌላው እነዚሁ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ የታመመ ጨጓራን ሊያቃጥል ይችላል፤ ቁስሉን የፈጠረው ግን እሱ አይደለም። ፈረንጁ ክኒን ላለማብዛት ጉልበቱን በርበሬ ይቀባል፤ እኛ ክኒኑን ውጠን በርበሬውን እንከሳለን። (ድልህ ጉልበታችሁ ላይ ለጥፉ ማለቴ አይደለም። ቆዳ ይልጣል። ቅባቱ በልክ የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ካፕሳይሲኑ ከ0.1 በመቶ አይበልጥም።)

በርበሬ ባልሠራው ይወቀሳል ስል፣ ባልሠራው የሚመሰገንበትም አለ።

ደሴ ብርድ ናት። ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ጉንፋን አያጣትም። የአክስቴ ሕክምና የታወቀ ነው። ነጭ ሽንኩርት ይጨቀጨቃል፣ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል፣ በትኩስ እንጀራ ይበላል። ቡናው ይከተላል። ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ነው። «አብሽር ልጄ፣ ሲያልብህ ይለቅሃል።» እውነትም አፍንጫ ይከፈታል፣ እንባና ንፍጥ ይወርዳል፣ ሰው ቀለል ይለዋል። ጉንፋኑ ደግሞ በሳምንትም በአሥር ቀንም ራሱ ይሄዳል። ማንም አልተጎዳ።

አሜሪካ ይሄንኑ በርበሬ በካፕሱል ይሸጡታል። በ1994 የወጣ ሕግ ስላለ፣ ጤና ይሰጣል ብሎ የሚያወራ ጠርሙስ ሁሉ ምርቱ በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል የታሰበ አይደለም የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። አክስቴ እንዲህ ብላ ብታቀርብ ማን ይበላላታል!

ላቡ ከየት መጣ? ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 ምስጢሩን አግኝተውታል። ነርቮቻችን ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ሲነካን የሚነቃ ተቀባይ አለ። ካፕሳይሲን ይሄንኑ ተቀባይ ይቀሰቅሰዋል። አንጎል ተቃጠልኩ ብሎ ላብ ያወርዳል። ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። ላቡ እውነተኛ ነው፤ በሽታ ይዞ ግን አይወጣም።

ደሴ ላይ ይሄ ችግር የለውም። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። እዚያ ወባ አለ። ትኩሳት ለያዘው ሰው የሚሰጠው ያው ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ነው።

ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ደግሞ ባሕርይው አታላይ ነው። ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ አልቦት ይለቃል። ከ48 ሰዓት በኋላ ይመለሳል። በመሀል ያለችው የደህና ቀን ምስጋና ለማን ትደርሳለች? ለሚጥሚጣው። ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ከሆነማ ሁለት ቀን ማባከን ሰው ሊገድል ይችላል። በጤና ጣቢያ ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ምርመራ ግን ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ኮምቦልቻ ያለው የአጎቴ ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበር። ቅዳሜ አልቦት ተነሳ፣ «ለቀቀው» ተባለ፣ እሁድ ሠርግ ላይ ዋለ። ሰኞ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ቫይቫክስ ነበር። ክሎሮኪን ተሰጠው፤ ጉበት ውስጥ ለተደበቀው የወባ ተውሳክ ደግሞ ፕሪማኪን። ነጭ ሽንኩርቱም አልቀረለትም፤ እናቱ ክኒኑን ካስዋጠችው በኋላ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው።