እሳቱ ይቆይ፣ ሒሳቡ ይቅደም

የአሜሪካ ፖለቲከኞች ምስጋና ይገባቸዋል። ሰደድ እሳት ሲነሳ ሌላው ሰው ውሃ ፍለጋ ይሮጣል። እነሱ ግን ረጋ ብለው "ወጪው የማን ነው?" ይላሉ። ጫካ ቢቃጠል መልሶ ይበቅላል፤ አላግባብ የወጣ በጀት ግን ማን ይመልሰዋል?

ካሊፎርኒያን እንይ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ፓራዳይዝ የተባለችው ከተማ ነደደች፤ 85 ሰው አለቀ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ገና አስከሬን እየተፈለገ፣ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ጥፋተኛውን በትዊተር አሳወቁ። የደን አያያዙ ነው፤ ካልታረመ የፌደራል ገንዘብ የለም አሉ። ቅልጥፍና ማለት ይሄ ነው! በግዛቷ ካለው ደን 57 በመቶ ያህሉ የዚያው የፌደራል መንግሥት ይዞታ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያሳምረዋል። የራስ ጓሮ አልተጠረገም ብሎ ጎረቤትን መቅጣት ቀላል ተሰጥኦ አይደለም። መፍትሔም ነበራቸው፦ እንደ ፊንላንዶች ጫካውን መጥረግ። ይህን ነገሩኝ ያሏቸው የፊንላንዱ ፕሬዝዳንት ስለ መጥረግ ማውራታቸው ትዝ አላላቸውም እንጂ።

ዴሞክራቶቹም አይታሙም። የካሊፎርኒያው ገዥ ኒውሰም በ35 ፕሮጀክቶች 90,000 ኤከር ደን ከእሳት አደጋ ተጠበቀ ብለው ነበር። በ2021 ጋዜጠኞች ቆጥረው ያገኙት 11,399 ኤከር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ከእሳት መከላከያ በጀቱ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ተቀንሶ ነበር። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ማውራት እንደሚቻል ያስመሰከሩ ሰው ናቸው።

ለእኔ ግን ዋንጫው የሚገባው ለብድሩ ነው። የፌደራሉ የደን አገልግሎት ለእሳት ማጥፊያ የተያዘለት ገንዘብ ወቅቱ ሳያልቅ ያልቅበት ነበር። ታዲያ ምን ያደርግ ነበር? ቁጥቋጦ ለመመንጠር፣ ደን ለማሳሳት ከተመደበው ይበደር ነበር። ሳይመነጠር የቀረው ቁጥቋጦ በሚቀጥለው ዓመት ይደርቅና ቦግ ይል ነበር። እሱን ለማጥፋት እንደገና ከመመንጠሪያው ይወሰድ ነበር። በ1995 ከመሥሪያ ቤቱ በጀት 16 በመቶውን ይወስድ የነበረው እሳት፣ በ2015 ከግማሽ በላይ ወሰደ። ኮንግረሱ ነገሩን አይቶ፣ አሰላስሎ፣ ተከራክሮ በ2018 ለብቻው ፈንድ ፈቀደ። ያውም ከ2020 ጀምሮ። ምን ያስቸኩላል?

የእሳት አጥፊዎቹም ደሞዝ እንዲሁ በጥበብ ተይዟል። በ2021 ጊዜያዊ ጭማሪ ተሰጣቸው። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል በአጭር በአጭሩ እየተራዘመ ቆየና በመጋቢት 2025 ቋሚ ሆነ። ደሞዜ እስከ መቼ ይዘልቃል ብሎ የሚጨነቅ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ለሌሊት ተረኛ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ስትነድ እንኳ ይህ ጨዋ ልማድ አልተጓደለም። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን እርዳታው ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይገባል አሉ። በዚያው ሰሞን የካሊፎርኒያ እስረኞች እሳቱ ፊት ቆመው መሬት ይቆፍሩ፣ ቁጥቋጦ ይቆርጡ ነበር። ክፍያቸው ያኔ በቀን ከ5.80 እስከ 10.24 ዶላር ነበር። እሳት ላይ ሲሆኑ ደግሞ በሰዓት 1 ዶላር ይጨመርላቸው ነበር። በሰዓት አንድ ሙሉ ዶላር! ይህን የፈቀደው ባለሥልጣን አባካኝ ተብሎ እንዳይከሰስ እሰጋለሁ።