መሄጃ ፈቃድ አለ፤ መጻፊያ ግን የለም

ሙሉ ቀን ሥራ እየሠራን በተረፈን ጊዜ የምንጓዝና ስለ ጉዟችን የምንጽፍ ሰዎች ችግራችን የገንዘብ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ገንዘቡ ቀላል ነው አልልም፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል፣ ዘንድሮ ያልሞላው ለከርሞ ይሞላል። ከዓመት ዓመት እየከበደኝ የመጣው ሌላ ነገር ነው። የዓመት ፈቃዴ የሚያልቀው ከጉዞ በተመለስኩበት ዕለት ሲሆን፣ የጉዞ ጽሑፍ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ደግሞ በዚያው ዕለት ነው። እንድሄድ የሚፈቅድልኝ ሰው አላጣሁም፤ ያየሁትን ቁጭ ብዬ በሥርዓት የምጽፍበትን ጊዜ የሚሰጠኝ፣ ይህም ቢቀር የራሴን ጊዜ የማይነጥቀኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ በሆዴ ይዤው ስለኖርኩ ዛሬ በዝርዝር ልጻፈው።

ከፈቃዱ ልጀምር። ከነደመወዙ የሚሰጥ እረፍት አሠሪ ደስ ሲለው የሚቸረው ስጦታ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው 52ኛ ስምምነት፣ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 6 የሥራ ቀናት እረፍት ከነደመወዙ እንዲያገኝ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ24ኛ አንቀጹ እረፍትን፣ የተገደበ የሥራ ሰዓትንና በየጊዜው የሚሰጥ ባለደመወዝ ፈቃድን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎ አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው 132ኛው ስምምነት ደግሞ ዝቅተኛውን መጠን ወደ 3 የሥራ ሳምንታት ከፍ አደረገው። በዚህ በመጨረሻው ስምምነት ውስጥ ሰዎች እምብዛም የማያነሱት አንድ ቁም ነገር አለ፤ ፈቃዱ መከፋፈል ካለበት እንኳ፣ አሠሪና ሠራተኛ በሌላ መንገድ ካልተስማሙ በስተቀር፣ አንዱ ክፍል ቢያንስ 2 ያልተቋረጡ የሥራ ሳምንታት መሆን አለበት ይላል። ስምምነቱን ያጸደቁት አገሮች ጥቂት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው፤ እኔም የምጠይቀው ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። «አሁን ሐሙስንና ዓርብን ውሰጂ፤ የቀረውን ሥራው ቀለል ሲል እናየዋለን» ይባላል። ሥራው ቀለል የሚልበት ወር ግን በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ አላየሁም። በሁለት ቀን ሩቅ አገር አይኬድም፤ ቢኬድም ከአውሮፕላን ማረፊያና ከማረፊያ ክፍል በቀር የሚታይ ነገር የለም። የተረፈውን ፈቃድ ደግሞ የቤተሰብ ሕመም፣ የቤት መቀየርና በሥራ ሰዓት ካልሆነ የማይፈጸም የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ይበላዋል። ዓመቱ ሲያልቅም «ለምን ሳትወስጂው ቀረሽ?» ተብዬ የምጠየቀው እኔው ነኝ።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል፤ የሚከተለው የወረቀት ጣጣ ነው። ብዙ ቆንስላዎች ከሌሎች ሰነዶች ጋር አሠሪው የፈረመበትን የፈቃድ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ለበርካታ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለውን የሸንገን ቪዛ ብንወስድ፣ ማመልከቻው በመደበኛው አሠራር በ15 ቀናት ውስጥ ይወሰናል፤ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ ግን እስከ 45 ቀናት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው አስቀድሞ መፈረም አለበት። አለቃ ግን «ቪዛው ይምጣና ያን ጊዜ እንፈርማለን» ይላሉ፤ ቆንስላው በበኩሉ ያለ ደብዳቤው ማመልከቻዬን ሙሉ አድርጎ አይቀበለኝም። በዚህ መሐል የአውሮፕላን ቲኬቱ ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምራል። ይህን የምጽፈው ለማጋነን አይደለም፤ በየቢሮው ያለ ተራ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እዚያ ከደረስኩ በኋላ የሚሆነው ነው። ከመሄዴ በፊት ሥራዬን በጽሑፍ አስረክባለሁ፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ጉዳይ ለማን እንደሚመራ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ነው የምወጣው። ሆኖም በኢስታንቡል ከኤሚኖኑ ወደ ካዲኮይ የምትሻገር ጀልባ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መንገዱ ከአውሮፓ ወደ እስያ ነው፤ የሚፈጀውም 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የባሕር ወፎቹ ጀልባዋን እየተከተሉ ይበርራሉ፤ ከሥራ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ተሳፋሪዎች ወደ ውኃው ቀና ብለው እንኳ አያዩም፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በዚያ መስመር ለዓመታት እንደተመላለሱ በእጅ ምልክትና በጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ሊያስረዱኝ ጀምረዋል። መልእክቱ «ፈቃድ ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ» ይላል። የተፈለገው ፋይል በርክክቡ ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለ ነበር። መልስ ጽፌ፣ ተከታዩን ጥያቄ መልሼ፣ ለሌላ ሰው አስተላልፌ ቀና ስል ጀልባዋ ደርሳ ሰዉ ይወርዳል፤ ሽማግሌውም የሉም። ስለዚያ ጉዞ የምጽፈው ጽሑፍ ማዕከል ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት እኚያ ሰው ናቸው። ላኪው የአንድ ደቂቃ ጉዳይ መስሎት ይሆናል፤ ከእኔ የወሰደብኝ ግን ያን መሻገሪያ በሙሉ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ አገሮች ሕግ ባላወጡለት ነበር። በፈረንሳይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሥራ መልእክት የመራቅ መብት እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2021 አሠሪው ራሱ ሠራተኛውን በእረፍት ጊዜው ከማነጋገር እንዲቆጠብ ግዴታ ጥላለች፤ አውስትራሊያም ተመሳሳይ መብት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። የፖርቱጋሉን አካሄድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሸክሙን የሚጭነው በላኪው ላይ ነው። ተቀባዩ «አለመመለስ ትችያለሽ» መባሉ ብዙ አይረዳውም፤ መልእክቱ ከተነበበ በኋላ ባይመለስም ሐሳብን ወደ ቢሮ ይዞ ይሄዳል፤ የጉዞ ጸሐፊ ደግሞ ከሐሳቡና ከዓይኑ በቀር ሌላ የሥራ መሣሪያ የለውም።

ከዚያ መመለስ አለ። ሌሊቱን ሲበር ባደረ አውሮፕላን እሑድ ጠዋት ገብቼ ሰኞ በሥራ ሰዓት ቢሮ እገኛለሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ጥምረቶች እያጠና የራሱን ማስታወስና መርሳት ሲለካ ቆይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ፤ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እጅግ ፈጣን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ አሳየ። አንድ ሰው ከጉዞ መልስ ያሉትን እነዚያን ውድ ቀናት የሚያሳልፈው ምን ሲሠራ እንደሆነ አስቡት። የተከማቹ ኢሜይሎችን ሲያነብ፣ እርሱ በሌለበት የተካሄዱ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ ሲያገላብጥ፣ «አንቺ እስክትመጪ ብለን አቆየነው» የተባለለትን ሥራ ሲሠራ ነው። ማታ ቤት ስገባ ደብተሬን እከፍታለሁ፤ ጉዞው ላይ በችኮላ የጫርኳቸው አጫጭር ሐረጎች አሉ፤ ከመካከላቸው ግማሾቹ ምን ለማለት እንደተጻፉ መለየት አልችልም። «ፎቶ አለሽ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። ስልኬ ፎቶውን ያነሳሁበትን ሰዓትና ቦታ መዝግቦ ይይዛል፤ ሰውየው ሲናገር ድምፁ ለምን ዝቅ እንዳለ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ገበያተኛው ምን ብሎ እንደተጠራራ፣ እኔ ያን ጊዜ ምን ፈርቼ ምን እንዳስደሰተኝ ግን አይመዘግብልኝም።

መጻፍ ሲባል ደግሞ ትዝ ያለውን ማፍሰስ የሚመስላቸው ሰዎች ጊዜው ለምን እንደሚያስፈልገኝ አይገባቸውም። ድልድዩ የተሠራበት ዓመት መጣራት አለበት፤ የመንደሩ ስም በትክክል መጻፍ አለበት፤ አስጎብኚው የነገረኝ ታሪክ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ። ታላቁ የቻይና ግንብ ከጠፈር በዓይን ይታያል የሚለውን አባባል ስንቱ ተጓዥ ሳያጣራ ጽፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ቻይናዊ ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ ግን ግንቡን እንዳላየው ተናግሯል። አንዲት እንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ለማጣራት አንድ ሙሉ ምሽት ይሄዳል። ለአንባቢ የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም፤ ምሽቴ የሚያልቀውም በዚህ ነው።

ሥራና ጉዞ ጭራሽ አብረው አይሄዱም የሚል ካለ ኢብን ባጡታን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1325 ከታንጂር የተነሣው ይህ ተጓዥ በዴልሂም በማልዲቭ ደሴቶችም በዳኝነት አገልግሏል፤ እንደ እኛው ሥራ ነበረው። ጉዞው በጽሑፍ የተቀመጠው ግን ከተመለሰ በኋላ ነው፤ የሞሮኮው ሱልጣን አቡ ኢናን ባዘዙት መሠረት እርሱ እየተረከ ኢብን ጁዛይ የተባለው ጸሐፊ ጻፈው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1355 ተጠናቀቀ። ያ ሁሉ መንገድ ዛሬ እጃችን የገባው ከመሄዱ በተጨማሪ ለመጻፉም ጊዜና ሰው ስለተመደበለት ነው። እኔ ጸሐፊ ይመደብልኝ አላልኩም።

በዙሪያዬ ስላሉት ሰዎችም ልናገር። ከጉዞ በተመለስኩ በሳምንቱ ደክሞኝ ያየኝ የሥራ ባልደረባዬ «አሁን ከመዝናናት መጥተሽ?» ይላል። ጽሑፌን አንድም ቀን ያላነበበ ዘመድ «ስንት ፈጀብሽ? የት አደርሽ? በአጭሩ ላኪልኝ» ብሎ ይጽፍልኛል፤ ጥያቄው ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ በዝርዝር ተመልሷል፤ እርሱ ግን በግል እንድደግምለት ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ጽሑፌ በወጣበት ቀን ቢሮ ውስጥ የሚሰማው ነው። «ለዚህ ጊዜ ካለሽ ሪፖርቱ ለምን ዘገየ?» ይባላል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ የጻፍኩትን፣ ቅዳሜዬን ሰጥቼ ያረምኩትን ነገር ከሥራ ሰዓት እንደተሰረቀ አድርጎ መቁጠር ግፍ ነው። ቅዳሜውን ኳስ ሲያይ የዋለውን ሰው ሰኞ ዕለት ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቀውም፤ መጠየቅም የለበትም።

«እንግዲያው ሥራሽን ልቀቂና ተጓዥ ሁኚ» የሚለው ምክር ደግሞ ምክር አይደለም። በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረችው ዓይነት ቪዛ ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፤ ነገር ግን የተወሰነ ወርኃዊ ገቢ ማስመስከርን ይጠይቃል፤ ሥራውም በላፕቶፕ የሚሠራ መሆን አለበት። ነርሷ፣ መምህሩ፣ የመጋዘን ሠራተኛው፣ ሹፌሩ ሥራቸውን በሻንጣ ይዘው አይሄዱም። እኔም ብሆን ሥራዬን መልቀቅ አልፈልግም። በራሱ ደመወዝ የሚጓዝ ሰው ያደረበት ክፍል ቆሻሻ ከሆነ ቆሻሻ ነበር ብሎ ይጽፋል፤ አልጋና ቁርስ በነጻ የሰጠው ሆቴል ስለሌለ የሚያፍረው የለም። ሠራተኛ በመሆኑም አንድ ከተማ ሲገባ ሌላው የማያየውን ያያል፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የሌሊት ተረኞች ሲወጡ ፊታቸው ምን እንደሚመስል፣ በምሳ ሰዓት ሰው የት እንደሚቀመጥ ልብ ይላል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ እወዳለሁ፤ መጻፍም የምፈልገው እርሱን ነው። የሚያሳዝነኝ እንዲህ የሚጽፉ ሰዎች አንድ በአንድ ማቆማቸው ነው፤ የማውቃቸው ጥቂት ጎበዞች ዛሬም ይጓዛሉ፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ የሚቀራቸው ግን ስልክ ውስጥ የተከማቸ፣ ማንም የማያየው ፎቶ ብቻ ሆኗል።

በዚህ ዓመት የፈቃድ ቅጹን ስሞላ ከራሴ የዓመት ፈቃድ ላይ ከመመለሻዬ ዕለት በኋላ ያሉትን ጥቂት ቀናት ጨመርኩ፤ በምክንያቱ ቦታም «ለጽሑፍ ሥራ» ብዬ ጻፍኩ። ለድርጅቱ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ ወጪ የለበትም፤ የተሰጠኝን ቀን ነው የጠየቅኩት። አለቃዬ ቅጹን ተመልክተው «ከተመለስሽ ለምን ቢሮ አትገቢም?» አሉኝ፤ ቀጥለውም ለሰው ኃይል ክፍል ማስረዳት ስለሚከብዳቸው ምክንያቱን «የግል ጉዳይ» ብዬ እንድለውጠው ጠየቁኝ። አልለወጥኩትም። ቅጹ እስከ ዛሬ አልተፈረመም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግልባጩን ይዤ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ራሴ እሄዳለሁ።